የሰፈራችን ደንብ ሲጻፍ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት የያዝሁት ማስታወሻ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ሰፈራችን ጎንደር ውስጥ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከላይ ከአስፋልቱ ይነሣና በቅያሳችን አድርጎ ወንዝ ይገባል። ከሁለት ዓመት በፊት ዐሥራ ሁለት የምንሆን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ጉልበት ጨምረን የውሃ መውረጃ ቆፈርን፤ ቱቦም ገዝተን ቀበርን። ከዚያ ወዲህ የመብራቱም፣ የቆሻሻውም፣ የሌሊት ጥበቃውም ጉዳይ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ማን እንደመረጠን አናውቅም። ራሳችን ሳንመርጥ አልቀረንም።

ጸቡ የመጣው በትራፊ ገንዘብ ነው። ከቱቦው ግዢ 4,300 ብር ተርፏል። ገሚሱ "ለመብራት ይሁን" አለ፤ ገሚሱ "ላዋጣው ሰው ይመለስ" አለ። ገንዘቡን የያዙት እትዬ የታሙ መሰላቸውና መቀነታቸውን ፈትተው ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ቆጠርነው፤ አንድ ብር አልጎደለም። ታዲያ ማን ይቀበላቸው? "ተቀበል" ተብሎ የተሾመ ሰው የለንም። መልሰው ቋጠሩትና ይዘውት ሄዱ።

ዛሬ የእድራችን ዳኛ ቤት ተሰብስበን መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ ተባለ። አርቃቂዎቹ አምስት ነን፦ የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሐጂ፣ ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ እና እኔ። እኔን የመረጡኝ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ "ወረቀት አያስፈራትም" ብለው ነው። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ማን ምን እንዳለ በኋላ እንዳያከራክረን ነው።

ጥቅምት 10

መምህሩ የአንድ የሙያ ማኅበር ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ። 41 አንቀጽ ነው። ሐሳባችን ስሙን ቀይረን ልንጠቀምበት ነበር። ማንበብ ስንጀምር አንቀጽ 9 ላይ "ዋና ዳይሬክተሩ" ይላል፤ አንቀጽ 17 ላይ "ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች"፤ አንቀጽ 23 ላይ የሠራተኞች የዓመት ዕረፍት። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁና "ልጄ፣ ይኼ ዳይሬክተር የማን ልጅ ነው? እኛ ሰፈር አላውቀውም" አሉ።

መምህሩ ትንሽ ከፋቸው። ረጅም ደንብ ይወዳሉ። "ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ነው፤ ይኸው በዚያ ስንቱ ሲዳኝበት ኖሯል" አሉ። የእድሩ ዳኛ ደግሞ "እሱ ለመንግሥት ነው፤ እኛ ያለን ቱቦ ነው" ብለው አሳቁን።

ከ41ዱ ስድስቱን አስቀርተን ሌላውን ጣልነው። ከዚያ እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ፦ በእነዚህ ሁለት ዓመታት የተጣላንባቸውን ነገሮች በሙሉ እንጻፍ። ዐሥራ አንድ ሆኑ። የትራፊው ገንዘብ፣ ጥበቃው ደመወዝ ሳይከፈለው የቀረበት ወር፣ ያለ ስብሰባ የተቆረጠው ዛፍ፣ "ማን ጠራችሁ" ተብለን የተባረርንበት ግቢ... እንዲህ እያለ ይሄዳል። ላልተጣላንበት ነገር አንቀጽ አንጽፍም ተባባልን። ይህ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አትርፎልናል፤ አንዳንዴ መምህሩ "ምናልባት ወደፊት..." ብለው ሲጀምሩ ሐጂ "ስንጣላ እንጽፈዋለን" ይላሉ።

ጥቅምት 17

ስም። አንድ ሰዓት የሚፈጅ አልመሰለኝም ነበር።

"ኮሚቴ" ስንል ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ፊታቸው ጠቆረ። "ሊቀመንበር" ስንል ጭራሽ ተነሥተው ሊወጡ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ከወጣ በኋላ ነዋሪው በቀበሌ ማኅበር ተደራጀ፤ የቤት ኪራዩም፣ የስኳር ወረፋውም፣ የፍርድ ሸንጎውም በአንድ ደጃፍ ነበር። ያን ጊዜ ወጣት የነበረ ሰው "የሰፈር ሊቀመንበር" ሲባል የሚመጣበት ትዝታ እኔ ዘንድ የለም። "ሸንጎ"ም ያው ሆነ፤ የደርግ ዘመኑ ብሔራዊ ሸንጎ ትዝ አላቸው። "ምክር ቤት" ደግሞ የመንግሥት ይመስላል፤ ቀበሌው "ሌላ ምክር ቤት አቋቋማችሁ ወይ" ሊለን ነው።

"መማክርት" ያሉት ሐጂ ናቸው። ተስማማን። መሪው "ሰብሳቢ" ይባላል፤ ሥራውም መሰብሰብ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ተጻፈ፦ "የሰፈሩ መማክርት ይመክራል፣ ያስተባብራል፤ የነዋሪውን ጥያቄ ለሚመለከተው አካል ያቀርባል። አይፈርድም፤ መዋጮ አያስገድድም፤ በእድር ሥራ አይገባም።" የእድሩ ዳኛ የመጨረሻዋን ሐረግ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ቀጥለውም "ካልቀጣ ማን ይፈራዋል?" ብለው ጠየቁ። ያን ቀን መልስ የሰጣቸው የለም።

ጥቅምት 24

ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው በአንድ ቃል ነው፦ "ነዋሪ"።

ለእድሩ ዳኛ ነገሩ ቀላል ነው። ቤት ያለው ነዋሪ ነው፤ ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ይሄዳል። ነርሷ እስኪጨርሱ ጠበቀችና "ጋሼ፣ እኔ እዚህ ስከራይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ጎርፉ ሲገባ በባልዲ የቀዳሁት እኔ ነኝ" አለች። ዳኛው መልስ ቢያጡም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። "አንቺማ ሌላ ነሽ" አሉ። ደንብ ውስጥ ደግሞ "አንቺማ ሌላ ነሽ" የሚል አንቀጽ አይገባም።

ሌላም አለ። ከአዘዞ እየመጣ ሱቁን ከፍቶ ማታ የሚመለሰው ነጋዴ ለጥበቃ ከሁላችንም በላይ ይከፍላል፤ እዚህ ግን አያድርም። ነርሷ ስለ ሎስ አንጀለስ ከተማ ያነበበችውን ነገረችን። እነሱ በ1999 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት የከተማ ቻርተር የበጎ ፈቃድ የሰፈር ምክር ቤቶች አቋቁመዋል፤ ዛሬ ወደ መቶ ይጠጋሉ። ድምፅ የሚሰጠውን ሰው ሲተረጉሙት በሰፈሩ የሚኖር፣ የሚሠራ፣ ንብረት ያለው እያሉ አሰፉት፤ አሰፉትና በመጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ ቡና የገዛ ሁሉ ሊመርጥ ነው እየተባለ መቀለጃ ሆነ። ኋላም አጠበቡት። ሐጂ "በእኛ ሰፈርማ ቡና አይገዛም፤ ጎረቤት ይጠራል" አሉ። ቢሆንም ትምህርት ወሰድንበት፦ በሩ ሲጠብም ሲሰፋም ጠብ አለው።

ከሁሉ የከበደው ግን ድምፁ በቤት ይሁን በሰው የሚለው ነበር። እድር የሚቆጥረው ቤት ነው። አባወራው ቀብር ከወጣ ቤቱ ወጣ ማለት ነው፤ ለቀብር ይህ ይሠራል። ለውሃ ግን አይሠራም። ቧንቧው በስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ሌሊት ነው ቀን ነው የሚለውን የሚያውቀው ጀሪካን የሚደረድረው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው አይደለም። በሰው ይሁን አልን። ዳኛው በልዩነት ተመዘገቡ፤ ራሳቸው "ይመዝገብልኝ" ብለው።

የጸደቀው፦ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ በሰፈሩ ስድስት ወር የኖረ፣ የቤት ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ ልጅም ይሁን የቤት ሠራተኛ፣ አንድ ድምፅ አለው። እዚህ የማያድር ነጋዴም ሱቁ ስድስት ወር ከሠራ አንድ ድምፅ አለው። ቤቱ እዚህ ሆኖ ራሱ ሌላ ከተማ ያለ ባለቤት ይናገራል፤ ድምፅ አይሰጥም።

ኅዳር 1

የእድሩን ደንብ ተውሰን አነበብነው። ባለ መስመር ወፍራም ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የጸሐፊዎቹ እጅ ይለያያል። እኔ ስንት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደንብ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እያንዳንዱ አንቀጽ ጎን የተጨመረበት ቀን አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ለምን እንደተጨመረ በአንድ መስመር ተጽፏል። "ድንኳኑ ለሠርግ ተወስዶ ሳይመለስ ሐዘን ስለደረሰ።" "ገንዘብ ያዡ ታሞ ሳጥኑ ሳይከፈት ስላደረ።" እነዚህን ሁለት መስመሮች ያነበበ ሰው የትኛውን አንቀጽ ለምን እንደማይነካ ያውቃል።

እኛም እንዲሁ እናድርግ ተባለ፤ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ። የእኛ የመጀመሪያ ምክንያት "እትዬ ገንዘቡን የሚረከባቸው አጥተው መልሰው ስለወሰዱት" የሚል ሆነ። እትዬ ፈቅደዋል፤ ስማቸው ካልተጻፈ።

ከደብተሩ ሌላም ነገር ወሰድን፤ የቀሪ ቅጣት። በስብሰባ ላልተገኘ 20 ብር። ነርሷ ተረኛ የምትሆንባቸው እሑዶች እንዳሉ ተናግራ ተቃወመች። ሦስት ለሁለት አለፈ። እኔ ከሦስቱ ነበርሁ። ለሙከራ ከዛሬ ጀምሮ በነባሮቹ ዐሥራ ሁለታችንም በአርቃቂዎቹም ላይ ይሠራ ተባለ።

ኅዳር 8

ሰባት ሰው መጣ። ምንም አልተወሰነም።

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር 12 ነበር፤ ኅዳር የሚታጠንበት። በ1911 ዓ.ም. ያ በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ወዲህ ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፤ ጭሱ እስከ ማታ ሰፈሩን ሞልቶት ይውላል። ዘንድሮ ወንዙ ዳር የተከመረውን ለማንሣት ወጣቶቹ ተነሡ። ፕላስቲኩን ለይተን እናውጣው፤ ከተቃጠለ ልጆቹን ያሳልማል አለች ነርሷ። እኔ ጓንትና ማዳበሪያ በ640 ብር ገዛሁ። ከኪሴ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ማንን እጠይቃለሁ?

ሥራው አምሮ ዋለ። ማታ ደረሰኙን ሳቀርብ መምህሩ "ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ። በቅን ነው የጠየቁት፤ እኔ ግን ተናደድሁ፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። ሐጂ "በሕግ አምላክ" ብለው ሁለታችንንም ዝም አሰኙን። ቀዝቀዝ ስል ጥያቄው ትክክል እንደሆነ ገባኝ። ዛሬ እኔ ለጓንት 640 ብር ካወጣሁ፣ ነገ ሌላው በቅን ልቡ ለበር 6,400 ብር ቢያወጣ ማን ይከለክለዋል?

በዚያው ሌሊት አንቀጹን አረቀቅሁት፦ እስከ 500 ብር ሰብሳቢው ብቻውን፤ እስከ 3,000 ብር ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ፤ ከዚያ በላይ መማክርቱ በስብሰባ። ምክንያት፦ "ጸሐፊዋ ጓንት ገዝታ ስለተጣላን።" በራሴ የፈረድሁበት አንቀጽ ስለሆነ ነው መሰለኝ አንድም ቃል ሳይነካ ጸደቀ።

ኅዳር 22

ባለፈው እሑድ ስድስት ሰው መጣ። ዛሬ አምስት።

የቀረውን ሰው ቤቱ ሄጄ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። በያጁ ጋ የሚሠራው ልጅ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ቀየረ። ኮብልስቶኑ ላይ ተከትዬ ያዝሁት። "ምነው ጠፋህ?" ብለው "እታለም፣ 40 ብር አለብኝ እኮ" አለኝ። አፍሮ ነው። አንድ ቀን ቀረ፤ 20 ብር። ይዞ ለመምጣት አልሞላለትም፤ ሁለተኛውንም ቀረ። አሁን ለመምጣት 40 ብር ያስፈልገዋል፤ ለመቅረት ግን ምንም አያስፈልገውም። ጉልበቱን የፈለግን ሰዎች ደጃፋችን ላይ ኬላ አቆምንበት።

የእድሩ ዳኛ ጋ ሄጄ ይህንኑ ነገርኋቸው። ሲያስቡ ቆዩና "እድር የሚቀጣው ከኋላው ቀብር ስላለ ነው" አሉኝ። "ሰው ቅጣቱን የሚከፍለው እኔን ፈርቶ እንዳይመስልሽ። የእናቱ ቀን ድንኳን የሚተክልለት እንዳይጠፋ ነው። እናንተ ከኋላችሁ ምን አላችሁ?" ቱቦ አለን ልላቸው ነበር፤ ተውሁት።

ጥቅምት 17 ለጠየቁት ጥያቄ መልሱን ያመጡት ራሳቸው ሆኑ። በፈቃዱ የመጣን ሰው ቀጥተህ አታስቀረውም፤ በመቅረቱ የሚያጣው ነገር የለውማ። ስለዚህ ደንቡ ማንም ማንንም ሳይቀጣ መሥራት አለበት። ሰው ሲቀር ሥራው እንዳይቆም፣ የቀረውም ሳያፍር እንዲመለስ። ቅጣቱ ተሰረዘ፤ የተከማቸውም 40 ብር፣ 20 ብር ሁሉ ተማረ። በቦታው የገባው ይህ ነው፦ "ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ሳያሳውቅ የቀረ አባል ወንበሩ ያለ ክስና ያለ ውሳኔ ክፍት ይሆናል። በቅያሱ ምርጫ ቀጥሎ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይተካል። የለቀቀው በሚቀጥለው ምርጫ መወዳደር ይችላል።" መልእክት ከላከ፣ በልጅም ቢሆን፣ አሳውቋል ማለት ነው። "ያለ ክስና ያለ ውሳኔ" የምትለውን ሐረግ ያስገቡት መምህሩ ናቸው። ይነሣ አይነሣ እያልን ድምፅ ከሰጠን ሰዉ በሰው ይቀየማል፤ ቁጥሩ ራሱ ያንሣው አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው።

ቀጥሎ ምልዓተ ጉባኤው ላይ፣ ስብሰባ እንዲካሄድ ስንት ሰው ይገኝ የሚለው ላይ፣ ስንደርስ የሂሳብ ሠራተኝነቴ ረዳኝ። አምስት ቅያስ አለን፤ ከየቅያሱ ሦስት፣ በድምሩ 15 አባል። ረቂቁ "ግማሽ ሲደመር አንድ" ይላል፤ ሁሉም ሰው እንደሚለው። የ15 ግማሽ ሰባት ተኩል ነው፤ አንድ ሲደመር ስምንት ተኩል። ስምንት ሰው ቢመጣ ሞላ ነው ወይስ ጎደለ? ግማሽ ሰው ከየት ይመጣል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ ለተወካዮች ምክር ቤት ያስቀመጠው "ከግማሽ በላይ" ከተገኙ ነው። ስምንት ከሰባት ተኩል ይበልጣል፤ አለቀ። "ሲደመር አንድ" ወጣ።

ሌላው ደግሞ፣ ግማሹ የሚሰላው ከ15ቱ ነው ወይስ ካሉት? ሦስት ወንበር ክፍት ቢሆን ካሉት 12 ሰባት ይበቃል። "በወቅቱ ካሉት አባላት" ብለን ጻፍን። በዚህም ካልሞላ በሳምንቱ ሁለተኛ ጥሪ ይደረጋል፤ ያን ቀን አምስት ሰው ከተገኘ ስብሰባው ይካሄዳል፤ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ከተያዘው አጀንዳ ውጪ አይነካም። ይህች የመጨረሻዋ ካልገባች አምስት ሰው ሆን ብሎ ሁለተኛውን ጥሪ ይጠብቃል።

ኅዳር 29

ስብሰባ ላይ አንድ አባት "እንደሚታወቀው" ብለው ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት ነው። ስልኬ ላይ ሦስት ደቂቃ ሞልቼ ደወል አስጮህሁ። በጣም ተቀየሙ፤ ልክ ናቸው፤ አባትን በደወል ማቋረጥ ነውር ነው። ደወሉን ተውነውና "ያልተናገረ ይቅደም" የሚል አስገባን። ሁለተኛ ለመናገር እጁን የሚያወጣ ሁሉ ያልተናገረው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዛሬ ሞከርነው። ከእድሩ ዳኛ ባለቤት አንደበት በአራት ስብሰባ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬ ስለ ጥበቃው ሰዓት አምስት ደቂቃ ተናገሩ።

ታኅሣሥ 6

የመብራት ምሰሶ። በያጁ አባላችን ነው፤ ከቱቦው ጊዜ ጀምሮ አብሮን የለፋ። ለአራት ምሰሶ 9,500 ብር አለ። ከፒያሳ የመጣው ሌላው 12,000 ብር ጠየቀ። በያጁ ርካሽ ነው፤ ሥራውም አይጠረጠርም። ግን ስለ ራሱ ዋጋ ራሱ ተናገረ፤ ራሱም እጁን አወጣ። ከኋላ አንዱ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብሎ አጉተመተመ። በያጁ ሰማ። ወንበሩን ገፍቶ ወጣ፤ "ምሰሶውንም ሌላ ይሥራው" እያለ። ልጅየው ተከትሎት ሄደ።

ምንም አላጠፋም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ሰውዬውን በሁለት በኩል አስቀምጠን ነበር።

"የጥቅም ግጭት" የሚል አንቀጽ መምህሩ ጻፉ፦ አባሉ፣ ባለቤቱ፣ ልጁ፣ ወንድሙ፣ እኅቱ፣ አበልጁ ጥቅም ባላቸው ጉዳይ ላይ አይሳተፍም። አነበብነው። "አበልጅ" የሚለው ላይ ስንደርስ ሳቅ ሆነ። እዚህ ሰፈር አበልጅ ያልሆነ ማን አለ? በዚህ አንቀጽ ከሄድን ለመወሰን የሚቀሩት ሐጂ ብቻ ናቸው። ሐጂም "እኔም ለሱቁ ልጅ ሚስት ያጨሁለት እኔ ነኝ" አሉ።

ስለዚህ ዝምድናውን መቁጠር ትተን ገንዘቡን ተከተልን። በጉዳዩ ገንዘብ የሚያገኘው አባል ራሱ ወይም በአንድ ቤት አብሮት የሚኖር ሰው ከሆነ፣ አስቀድሞ ይናገራል፤ ለሚጠየቀው መልስ ይሰጣል፤ ውይይቱና ድምፁ ሲደረግ ይወጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ "ወጥቷል" ተብሎ ይጻፋል። አበልጅነት ደግሞ ይነገራል እንጂ አያስወጣም። በነጋታው እኔና ሐጂ በያጁ ቤት ሄደን አነበብንለት። "እንግዲህ እንዲህ ከሆነ እወጣለሁ፤ ማን አስቀረኝ" አለ። ምሰሶውን ያገኘው እሱ ነው፤ በር ላይ ቆሞ።

ታኅሣሥ 13

በሳምንቱ ውስጥ ባንክ ሄድን። በመማክርቱ ስም ሂሳብ ለመክፈት የሕጋዊ ሰውነት ማረጋገጫ አምጡ አሉን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጉም ትርፍ ማግኘት ወይም መከፋፈል ላልሆነ ውጤት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚያቋቁሙት ነው ይላል፤ መምህሩ ይህን ለመስኮቷ ልጅ ሊያስረዷት ሞከሩ። በትዕግሥት ሰማቻቸው፤ ወረቀቱን ግን አልተወችውም። ለጊዜው ገንዘቡ በእድሩ ሂሳብ ይቀመጣል፤ መዝገቡ ለብቻ ይያዛል፤ በየሦስት ወሩ ሁለት አባል ያልሆኑ ሰዎች ያዩታል። 4,300 ብሩን እትዬ ዛሬ በፊርማ አስረከቡ። ፎቶ እንዲነሡ ጠየቅናቸው፤ እምቢ አሉ።

ታኅሣሥ 20

ረቂቁን ይዘን በየቅያሱ እያነበብን ነው። ማንበብ የማይችሉ አሉ፤ ማየት የተሳናቸውም አንድ አባት አሉ። ጮክ ብዬ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፦ እስትንፋሴ ሳያልቅ የማይጨረስ ዐረፍተ ነገር ሰሚውም አይጨርሰውም። እንደዚህ ያሉትን ሁሉ ሁለት ሦስት ቦታ ቆረጥሁ። "ከላይ በተጠቀሰው ንዑስ አንቀጽ መሠረት" የሚለውም ወጣ፤ ለሚሰማ ሰው ላይ የለም፣ ታች የለም። ደንቡ አሁን 19 አንቀጽ ነው። መምህሩ 20 እንዲሆን እየጎተጎቱን ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ታኅሣሥ 27

ከነገ ወዲያ የገና በዓል ነው። ስብሰባ የለም።

ጥር 4

ጠቅላላ ጉባኤ። መዝገብ ላይ 311 ሰው አለ፤ ጉባኤው እንዲካሄድ የሚያስፈልገው አንድ አራተኛው 78 ነው። 94 መጡ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ለጸብ የመጡ መስለውኝ የነበሩት ቡና ጠጥተው ተረጋጉ።

ከወለሉ የመጣው ትልቁ ጥያቄ የአንዲት ተማሪ ነው፦ "ደንቡን ማን ይለውጠዋል?" እኛ "መማክርቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ" ብለን ነበር። ልጅቷ ደብተሯ ላይ አስልታ መጣች። ከ15ቱ ስምንት ከተገኙ የስምንቱ ሁለት ሦስተኛ ስድስት ነው። "ስድስት ሰው የ311 ሰው ደንብ ይቀይራል?" ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እያልሁ ይህን አላየሁትም። ለውጥ በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ሆነ፤ ከተገኙት ሁለት ሦስተኛ፤ የሚለወጠው ቃል ከሁለት ሳምንት በፊት በየቅያሱ ተነቦ።

የሥራ ዘመን ሁለት ዓመት፤ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይወጡ ሰባቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በዕጣ ይወጣሉ። ይህ ሲነበብ ለ19 ዓመት የእድር ዳኛ የሆኑት ጋሼ ወደ ድንኳኑ ጣራ ያዩ ነበር።

ጸደቀ። ምርጫውም በዚያው ቀን ሆነ፤ ነርሷ በቅያሷ አራተኛ ወጣች፤ መምህሩ ሦስተኛ። ልዩነቱ ሁለት ድምፅ።

ጥር 13

ከተራና ጥምቀት አለፈ። እንግዳው ከጥምቀተ ባሕሩ እስከ እኛ ቅያስ ሞልቶት ነበር። ወጣቶቹ ምንጣፍ ሲያነጥፉ ለታቦቱ መንገድ፣ እኛ ውሃ በሮቶ አቀረብን። ሰብሳቢው ለተጨማሪ ጀሪካን 480 ብር ብቻውን አወጣ። ማንም "ማን ፈቀደልህ" አላለውም።

የካቲት 16፣ የቅበላ እሑድ

አንድ ወንበር ክፍት ሆነ። ጥር 18 ቀሩ፤ የካቲት 2 ቀሩ፤ ዛሬም ቀሩ። መልእክት አልላኩም። መምህሩ ናቸው።

ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍሁት እጄ እየከበደኝ ነው። ማንም አልተናገረም፤ መናገርም አያስፈልግም ነበር። ማሳወቁ የጸሐፊ ሥራ ስለሆነ ከስብሰባው በቀጥታ ቤታቸው ሄድሁ። የእኅታቸው ልጅ ታሞ ከደባርቅ መጥቶ እሳቸው ጋ ተኝቷል፤ ሦስቱንም እሑድ ሲያስታምሙ ነበር። "አንድ ልጅ ቢልኩ በቃ ነበር እኮ፣ ጋሼ" አልኋቸው።

"ፈቃድ መጠየቅ ለመደብኝ ወይ?" አሉ። ቀጥለውም "ሦስት ሆነ?" አሉኝ።

"ሦስት ሆነ።"

"ያለ ክስና ያለ ውሳኔ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

ከሳጥናቸው የመብራቱን ሳጥን ቁልፍ አወጡና ሰጡኝ። ለነርሷ እንድሰጣት ነው። ዶሮው ሳይበላ አትሄጂም አሉኝ፤ ከነገ ጀምሮ ጾም ነው።